ከደወሉ በፊት፦ ወላጆች ልጆቻቸውን ለትምህርት እንዲያዘጋጁ በቤት ጉብኝት ስለ ማገዝ

(በትምህርት ፋኩልቲ ከተደረገ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



 ብዙዎቻችሁ በቀጥታ ከክፍል፣ አንዳንዶቻችሁም ምሳ ሳትቀምሱ እንደ መጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መግቢያዬን አላስረዝምም።

ስለ ትምህርት ጥራት ስንወያይ ቆጠራችንን የምንጀምረው ዘወትር ከመጀመሪያው የትምህርት ቤት ደወል ነው። ስለ መምህሩ ብቃት፣ ስለ መጽሐፉ እጥረት፣ በአንድ ክፍል ስለሚታጨቁት ተማሪዎች ብዛት እንከራከራለን። ክርክሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የሚገባ ሕፃን ከዚያ ደወል በፊት ከ2,500 ቀናት በላይ ኖሯል። እነዚያን ቀናት ያሳለፈው በአብዛኛው በእናቱ ጀርባ ላይ፣ በምድጃው ዳር፣ በአያቱ ጉልበት ሥርና ከሠፈር እኩዮቹ ጋር ነው። ታዲያ እነዚህ ቀናት ለትምህርቱ ምን ያበረክታሉ? እኛ ባለሙያዎችስ የቤቱን በር ስናንኳኳ ምን ይዘን፣ ለማንስ ብለን ነው የምንገባው? የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል።

አስቀድሜ አንድ ቃል ላብራራ። «ለትምህርት ዝግጁ መሆን» ሲባል ብዙ ወላጅ የሚረዳው ፊደል መቁጠርን ነው። ፊደል መቁጠር መልካም ነው፤ ግን የዝግጁነት አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሁለት ትእዛዝ በቅደም ተከተል ሰምቶ መፈጸም፣ ተራን መጠበቅ፣ ያልገባውን መጠየቅ፣ የሰማውን ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልሶ መተረክ፣ «ይበልጣል» እና «ያንሳል»ን መለየት፣ እርሳስ ለመያዝ የሚችል ጣት፤ እነዚህ ሁሉ ዝግጁነት ናቸው። አብዛኞቹም ከወረቀት አስቀድሞ በንግግርና በጨዋታ የሚገኙ ናቸው።

አንዲት ተመራማሪ ያነሳችው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1969 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አቪማ ሎምባርድ የተባለች ተመራማሪ አንድ ፕሮግራም ጀመረች። በዚያ ዘመን ከእስያና ከሰሜን አፍሪካ አገሮች ወደ እስራኤል የገቡ ቤተሰቦች ልጆች በትምህርት ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። ለዚህ ይሰጥ የነበረው የተለመደ ማብራሪያ ጥፋቱን ቤቱ ላይ የሚጭን ነበር፤ እናቶቹ አልተማሩም፣ ስለዚህ ለልጆቻቸው የሚያካፍሉት የላቸውም የሚል። ሎምባርድ ግን ነገሩን ገልብጣ ጠየቀች፦ ብዙም ያልተማረች እናት ግልጽ የሆነ ድጋፍ ብታገኝ ልጇን በገዛ ቤቷ ማስተማር ትችላለች ወይ?

ከዚህ ጥያቄ የተወለደው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ስሙ ምኅፃር «ሂፒ» ይባላል። ጸጉራቸውን አስረዝመው ጊታር ይዘው ከሚዞሩት የዚያ ዘመን ወጣቶች ጋር ዝምድና የለውም። በዕብራይስጥ የሚታወቀው «ሀ ኤትጋር» ማለትም «ተግዳሮቱ» በሚል ስም ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ልግለጸው፤ ብልሃቱ ያለው ከዝርዝሩ ላይ ነውና። ፕሮግራሙ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ለእናቲቱ የተረት መጻሕፍትና ለየሳምንቱ የተመደቡ የሥራ ወረቀቶች ይሰጧታል። እርሷም በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ከልጇ ጋር ተቀምጣ ትሠራለች፤ ታነባለች፣ ትጠይቃለች፣ ቅርጽ ታዛምዳለች፣ ከኩሽናዋ ዕቃ እያነሳች ታስቆጥራለች።

የቤት ጎብኚዋ የምትመጣው እናቲቱን ለማሠልጠን እንጂ ልጁን ለማስተማር አይደለም። የሥልጠናው ዘዴ ደግሞ የሚና ጨዋታ ነው። ጎብኚዋ እናት ትሆናለች፣ እናቲቱ ልጅ ትሆናለች፤ ከዚያም ይለዋወጣሉ። ነገሩ እንደ ቀልድ ሊታይ ይችላል፤ ሦስት ጥቅሞች ግን አሉት። አንደኛ፣ ማንበብ የማትችል ወይም በማንበብ የማትተማመን እናት ሥራውን አይታና ሠርታ ትይዘዋለች። ሁለተኛ፣ በልጁ ቦታ ስትቀመጥ «እንዴት ይህ አይገባህም!» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያሸማቅቅ በራሷ ላይ ታየዋለች። ሦስተኛ፣ ብትሳሳት የምትሳሳተው በልጇ ፊት አይደለም።

ጎብኚዋ ራሷ ማን ናት? እንደ ደንቡ ከዚያው ሠፈር የወጣች፣ በዚያው ፕሮግራም ልጇን የምታስተምር ወይም ያስተማረች እናት ናት። ዲፕሎማ አይጠየቅባትም። የሳምንቱን ሥራ ከአስተባባሪዋ ጋር በየሳምንቱ ትለማመዳለች፣ በራሷ ልጅ ትሞክረዋለች፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቶቿ ትሄዳለች። ስለዚህ «ልጄ አምስት ደቂቃ እንኳ አይቀመጥልኝም» ስትባል፣ «የእኔም እንዲሁ ነበር፤ እስቲ ጠዋት ሞክሪው» ብላ ለመመለስ ትችላለች። ያን ቃል ከእኔና ከእናንተ ቢሰሙት ያን ያህል አያምኑትም። በተወሰነ ጊዜም እናቶቹ በቡድን ይሰበሰባሉ፤ እዚያ የልጅ ጤና፣ ቁጣ፣ እንቅልፍ፣ የራሳቸው የእናቶቹ ኑሮ ይነሳል።

እኔ የተማርኩት ስሕተት

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በመጀመሪያ ዲግሪ እንደ ተመረቅኩ ለጥቂት ወራት በአዲስ አበባ በአንድ ሠፈር ቤት ለቤት እየዞርኩ ከቅድመ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር እንድሠራ ተቀጥሬ ነበር። የ23 ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ ቦርሳዬ በካርድና በባለ ቀለም እርሳስ የተሞላ፣ ጭንቅላቴ ደግሞ በንድፈ ሐሳብ።

ከቤቶቹ አንዱ የአንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ቤት ነበር። አምስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ አላት። በመጀመሪያው ቀን ቡና አፈላችልኝ፤ በሁለተኛው ሳምንትም እንዲሁ። እኔም የቤቱን ክብር ተቀብዬ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ልጁን ከፊቴ አስቀምጬ አስተማርኩ። ካርዱን ሰጥቻት ከልጇ ጋር እንድትሠራ ስጠይቃት በጣም ቀስ አለች። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ነበርና ካርዱን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ ጨረስኩት። ልጁ ፈጣን ነበር፤ ሲመልስ አጨበጨብኩለት። በአራተኛው ሳምንት በሩን ሳንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። ጭስ ከጓሮ ይወጣል፣ የምጣድ ሽታ ይሸተኛል፣ ግን መልስ የለም። በቀጣዩም ሳምንት እንዲሁ ሆነ። በመዝገቤ ላይ «ወላጅ ፈቃደኛ አይደለችም» ብዬ ጻፍኩ። አለቆቼም ይህን ቃል ተቀብለው ቤቱን ከዝርዝሩ ሰረዙት።

እውነቱን የነገሩኝ ጎረቤቷ የሆኑ አዛውንት ናቸው። መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ አንቺን ጠልታ መሰለሽ? ቡና አልቆባት ነው። እንግዳ በባዶ አፉ አይሸኝም ብላ ተሸሸገች» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፣ «ልጁም ተረት ልታወራለት ስትል ‹አንቺ አታውቂም፣ ቲቸር ናት የምታውቀው› ይላታል። ይህ ልቧን ሰብሮታል» አሉ።

እንግዲህ አስቡት። ከእኔ በፊት በዚያ ቤት አንዲት አዋቂ ነበረች። በየማታው «ተረት ተረት» ስትል ልጇ «የላም በረት» እያለ ይመልስላት ነበር። እኔ ገብቼ በሦስት ጉብኝት እናትየዋን ወደ አላዋቂነት ዝቅ አደረግኋት። ልጁ ቀለማትን ተማረ፤ እናቱን መጠየቅ ግን ተወ። ትርፍና ኪሳራው ሲሰላ ያ ቤት ከሥሯል። እኔ የያዝኩት መዝገብ ደግሞ የኪሳራውን ምክንያት በእርሷ ስም መዘገበው።

ከሳምንት በኋላ ያለ ቦርሳ ሄድኩ። ከበሩ ሳልገባ «እትዬ፣ ዛሬ ቡና አልጠጣም፤ ሥራሽን እያየሁ ልቀመጥ» አልኳት። ምስር በሰፌድ እየለቀመች ነበር። ልጇን ምን እንደሚያግዛት ስጠይቃት፣ ጠጠሩን ከምስሩ ለይቶ በስኒ እንደሚያጠራቅም ነገረችኝ። ልጁን ጠርታ «ስንት ጠጠር አገኘህ?» አለችው። ቆጠረላት። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ተደናገረ፤ እርሷም ጣቱን ይዛ እንደገና አስጀመረችው። እኔ በቦርሳዬ ይዤ የዞርኩት ትምህርት፣ መለየት፣ መመደብና መቁጠር፣ ሁሉም በዚያ ሰፌድ ላይ ነበር። የጎደለው ነገር ቢኖር «ይህ የምትሠሪው ትምህርት ነው» ብሎ የሚነግራት ሰው ነበር።

ማስረጃው ምን ይላል?

የአንድ ሰው ትዝታ ማስረጃ አይሆንም፤ ተማሪዎቼ ይህን ደጋግሜ እንደምላቸው ያውቃሉ። ስለዚህ በምርምር የተመዘገበውን በአጭሩ እንይ።

በቱርክ፣ ቺዴም ካያትቺባሺ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 በኢስታንቡል ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች መካከል ጥናት ጀመረች። እናቶቹ የሂፒን ትምህርት ወደ ቱርክኛ ተመልሶ ወሰዱ፤ በዚያ ላይ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ራሳቸው ሕይወት በቡድን ተወያዩ። ሥልጠናው ካበቃ ከዓመታት በኋላ፣ ልጆቹ ለአቅመ ወጣትነት ሲደርሱ፣ እናቶቻቸው ከሠለጠኑት መካከል 86 በመቶዎቹ ገና በትምህርት ላይ ነበሩ፤ ካልሠለጠኑት መካከል ደግሞ 67 በመቶዎቹ። ከዚህ ሥራ በኋላ በ1993 የተመሠረተ የቱርክ ድርጅት ፕሮግራሙን ወደ ብዙ እናቶች ለማድረስ ጉብኝቱን በቡድን ስብሰባ ተካው። ይህን ልብ በሉ፤ ዘዴው እንደ አገሩ አቅም ሊለወጥ ይችላል።

በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ ዕድገታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናት ላይ የተጀመረ ጥናት አለ። ሕፃናቱ ከሁለት ዓመት በታች ነበሩ። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለ2 ዓመት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል እየሄዱ እናቶቹ ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ አሠለጠኑ፤ መጫወቻዎቹም በአብዛኛው ከተጣለ ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት፣ እነዚያ ልጆች በ22 ዓመታቸው ያገኙት የነበረው ገቢ ካልተጎበኙት በ25 በመቶ ያህል ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ይላችኋል፤ ግን ሐቀኝነት አይሆንም። ሂፒ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ ተስፋፍቷል፤ በአርካንሶ ያስጀመረችው የዚያን ጊዜዋ የአገረ ገዢው ባለቤት ሂለሪ ክሊንተን ናት። በኒው ዮርክ በተካሄደውና ውጤቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ በወጣው ጥናት፣ የመጀመሪያው ዙር ልጆች ካልተሳተፉት የተሻለ የንባብና የክፍል ውስጥ መላመድ ውጤት አሳዩ። በሁለተኛው ዙር፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ፕሮግራም፣ ልዩነቱ ጠፋ። ተመራማሪዎቹም ቤተሰቦች የሚሳተፉበት መጠን እጅግ የተለያየ እንደ ነበርና ብዙዎችም በመካከል እንዳቋረጡ አመለከቱ።

ይህን ውጤት ሳነብ የማስበው ያንን የተዘጋ በር ነው። «አቋረጡ» የሚለው ቃል በሰንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ በስተጀርባ ግን ያለቀ ቡና፣ የተለወጠ የሥራ ፈረቃ፣ የታመመ ልጅ፣ የተጎዳ ክብር ይኖራል። አንድ ፕሮግራም የሚሠራው በወረቀቱ ጥራት ብቻ ሳይሆን በሩ ሳምንት ከሳምንት በመከፈቱ ነው። በሩ ለምን እንደሚዘጋ የማይጠይቅ ጥናትም ፕሮግራሙ ለምን እንዳልሠራ ሊነግረን አይችልም።

ከአገር የራቁ ወገኖቻችን

ይህ ጉዳይ ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በተጀመረው «ዘመቻ ሙሴ» እና በግንቦት ወር 1991 በተካሄደው «ዘመቻ ሰሎሞን» በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ገቡ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓጉዘዋል። ለሌሎች ስደተኞች ተብሎ የተነደፈው የሎምባርድ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ የመጡትን ቤተሰቦችም ተቀበለ።

በዚያ ሁኔታ የቤት ጉብኝቱ ሌላ ተልእኮ ይደረብበታል። ልጆች አዲሱን ቋንቋ ከወላጆቻቸው ቀድመው ይለምዳሉ። በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤት አስተርጓሚ ይሆናሉ። የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል፤ አባት በልጁ አንደበት ይናገራል። የእኔ የሠፈር ልጅ «አንቺ አታውቂም» ያለው ከሦስት ጉብኝት በኋላ ነው፤ የስደተኛ ልጅ ይህን ቃል የሚማረው በየቀኑ ነው። በዋሽንግተን፣ በሎንዶንም ሆነ በስቶክሆልም የሚኖሩ ወላጆቻችን ይህን በሚገባ ያውቁታል።

ስለዚህ ወላጅን የልጁ የመጀመሪያ መምህር የሚያደርግ ፕሮግራም ለስደተኛ ቤት የሚሰጠው ከፊደል የላቀ ነገር ነው። እናቲቱ መጽሐፉን በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ ማንበብ ባትችል ሥዕሉን እያየች በአማርኛ ወይም በትግርኛ ትተርከው። ልጁ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅን፣ ምክንያትና ውጤትን ማያያዝን የሚማረው በየትኛውም ቋንቋ ነው። እናቱ አቀላጥፋ በምትናገረው ቋንቋ የሚሰማው የበለጸገ ወሬ፣ በተሰባበረ ባዕድ ቋንቋ ከሚሰማው ሁለት ቃል ይበልጥ ይጠቅመዋል።

በአገራችን ምን ይዘናል?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ በአራት ምሰሶዎች የቆመ ነው፤ የመጀመሪያው ምሰሶ የወላጆች ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው «ኦ ክፍል» እና ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያጫውቱበት «ልጅ ለልጅ» የተሰኘው አሠራር ብዙ ሕፃናትን ወደ ትምህርት ቤት ግቢ አምጥተዋል። አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ለቅድመ አንደኛ ደረጃ 2 ዓመት መድቧል። እነዚህ ትልቅ እርምጃዎች ናቸው። የወላጆች ትምህርት የተባለው የመጀመሪያ ምሰሶ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ሳይገነባ የቆየው ነው። ክፍል ሲሠራ ይታያል፤ በእናትና በልጅ መካከል የሚካሄድ ንግግር አይመረቅም፣ ሪባንም አይቆረጥለትም።

የቤት ጉብኝት ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንስሐ አባት የልጆቻቸውን ቤት ይጎበኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ እናቶች ጤና አስተምረዋል። በዚያ መንገድ ብዙ ነገር ተለውጧል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው። ሆኖም በደከሙ ትከሻዎች ላይ ሌላ ጥቅል ጫኑ እያልኩ አይደለም፤ የጤና ሠራተኞቹ ሥራ ከአቅማቸው በላይ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የምለው፣ ከሠፈሩ የወጣች፣ የሠለጠነችና ተገቢ ክፍያ የምታገኝ እናት ይህን ሥራ ልትሠራ ትችላለች ነው። «በጎ ፈቃደኛ» በሚል ስም የድሃ ሴትን ጉልበት በነፃ መውሰድ ፕሮግራም አያቆምም።

መሣሪያም አልጎደለንም። እንቆቅልሽ የማሰብ ልምምድ ነው። ገበጣ የመደመርና የማከፋፈል ትምህርት ነው። ስኒ መደርደር፣ እህል መልቀም፣ ገበያ ሄዶ «የትኛው ይከብዳል?» ብሎ መጠየቅ፤ ሁሉም የሒሳብ መግቢያ ነው። የተረት መጽሐፍ በየቤቱ መግባት አለበት፤ ይህን አጥብቄ እደግፋለሁ። መጽሐፉ እስኪደርስ ግን ቤቱ ባዶ ነው ማለት ስሕተት ነው።

ለወጣት ባልደረቦቼ

ንግግሬን ከማጠቃለሌ በፊት፣ በቅርቡ ለመስክ ሥራ ወደ ቤቶች ለምትሄዱት ተማሪዎች ጥቂት ነገር ላሳስብ።

ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን ጠይቁ። እንጀራ የምትጋግር እናት በምጣድ ሰዓት፣ ጉሊት የምትውል እናት በገበያ ሰዓት አትገኝም። ስለ ቡናው ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፤ አንዱን ጉብኝት አክብራችሁ ጠጡ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለሥራ የምትመጡ የቤት ሰው እንጂ እንግዳ እንዳልሆናችሁ አስረዱ። አባትን አትዝለሉ፤ ማታ የሚገባ አባት ለ15 ደቂቃ ተረት ሊያወራ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ የማያደርገው ማንም ስላልጠየቀው ነው። ካርዱ በእናቲቱ እጅ ይሁን፤ ብትዘገይ ታገሡ። ልጁ መልሱን ሲያገኝ ወደ ማን እንደሚያይ ተመልከቱ፤ ወደ እናንተ ካየ ሥራችሁን መርምሩ፣ ወደ እናቱ ካየ ቀጥሉ።

በመጨረሻም፣ በመዝገባችሁ ላይ «ፈቃደኛ አይደለችም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጎረቤት ጠይቁ። እኔ ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት በአንድ ደቂቃ ነው፤ ቤቱን ወደ ዝርዝሩ ለማስመለስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

 ጥያቄ ካላችሁ፣ በተለይም የምትቃወሙኝ ካላችሁ፣ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።